ክርክር፦ የነዳጁ ታክስ ሣጥን ይቆለፍ?

ጁን 5 ቀን 2018 የካሊፎርኒያ መራጮች ፕሮፖዚሽን 69 በተባለ፣ ለሕዝብ በቀረበ የሕግ ሐሳብ ላይ ድምፅ ሰጥተው ነበር። ነገሩ የጀመረው በ2017 ኤስ ቢ 1 በተባለው ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት ቤንዚን ላይ በጋሎን 12 ሳንቲም፣ ናፍጣ ላይ 20 ሳንቲም ተጨመረ። መኪና ስናስመዘግብም እንደ መኪናው ዋጋ ከ25 እስከ 175 ዶላር እንድንከፍል ተደረገ። 69 ይል የነበረው፣ ከዚህ ሕግ ከሚገኘው ገንዘብ የተወሰነው ከመንገድና ከትራንስፖርት ውጭ ለሌላ እንዳይውል በሕገ መንግሥት ይታሰር ነው። ድምፁ ሊሰጥ ሲል ሁለት የሎስ አንጀለስ ነዋሪዎች እንዲህ ተከራከሩ። አንደኛው የኤርፖርት ታክሲ ሹፌር፣ ሌላዋ የሒሳብ ባለሙያ ናቸው።

ሹፌሩ፦ ይቆለፍ

በቀን 10 ጋሎን ያህል እቀዳለሁ። 12 ሳንቲሟ በቀን 1 ዶላር ከ20 ትሆናለች። በወር 25 ቀን ስሠራ 30 ዶላር ማለት ነው። ደስ ብሎኝ አይደለም የምከፍለው። ግን ባለፈው ወር አንድ ሌሊት ከኤርፖርት ሰው ጭኜ ስወጣ የቀኝ የፊት ጎማዬ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ምቱ እጄ ድረስ ተሰማኝ። የተሳፋሪዋ ስልክ ከእጇ አመለጠ። በማግሥቱ ጎሚስታው ቸርኬውን አውልቆ መሬት ላይ ሲያሽከረክረው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ጎማና ቸርኬ፣ 310 ዶላር። ከአሥር ወር በላይ የምከፍለውን ታክስ አንድ ጉድጓድ በላው።

ስለዚህ መክፈሉን ተቀብያለሁ። የማልቀበለው ከፍዬ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ሲሄድ ነው። ይኼ ደግሞ ደርሶብናል። በ2002 ፕሮፖዚሽን 42 ሲመጣ፣ ቤንዚን ላይ የሚሰበሰበው የሽያጭ ታክስ ለትራንስፖርት ይሁን ተብሎ ተወሰነ። ቀለሙ ሳይደርቅ የበጀት ችግር መጣ፤ ሁለት ዓመት በተከታታይ ገንዘቡ ወደ ሌላ ዞረ። ሕጉ ራሱ «ከቸገረ ማቆም ይቻላል» የሚል ቀዳዳ ነበረው። ከዚያ በ2006 አንድ ፕሮፖዚሽን፣ በ2010 ሌላ፣ ቀዳዳ ስንደፍን ከረምን። አሁን ገንዘቡ ገና መሰብሰብ ሲጀምር እንድፈነው ነው የምለው።

አገር ቤትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ሲቋቋም ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ከነዳጅ የሚሰበሰበው መንገድ ይጠግንበት። የእድር ገንዘብ ለሠርግ ይውጣ የሚል ዳኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የሒሳብ ባለሙያዋ፦ አይቆለፍ

ጋሼ፣ ስለ ቸርኬው አዝናለሁ። ግን ያቺ 12 ሳንቲምዎ ቀድሞውኑ የተቆለፈች ናት። ቤንዚን ላይ በጋሎን የሚከፈለውን ታክስ የስቴቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ድሮም ይጠብቀዋል። 69 አዲስ የሚቆልፈው ስናስመዘግብ የምንከፍለውንና፣ በጋሎን ከሚከፈለው ሌላ የሆነውን የናፍጣውን የሽያጭ ታክስ ነው። የናፍጣው ሽያጭ ታክስ ደግሞ በአብዛኛው ለአውቶቡስና ለባቡር ነው የሚሄደው። የእርስዎን ጉድጓድ አይደፍንም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከባድ መኪናዎች በክብደታቸው የሚከፍሉት ክፍያ አለ። አስፋልቱን የሚሰባብሩት እነሱ ስለሆኑ ገንዘቡ ለጥገና መዋል ነበረበት። ከ2010 ወዲህ ግን በዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ያህል የስቴቱን የቦንድ ዕዳ መክፈያ ሆኗል። 69 ይህን ይነካዋል? አንዲት ቃል የለውም። በሩን ደርበው እየቆለፉ መስኮቱን ክፍት ይተዉታል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ያሉት ወደው አይደለም።

ሌላም አለ። በ1979 መራጩ ስቴቱ በዓመት ማውጣት የሚችለው ላይ ጣሪያ አበጅቶ ነበር። 69 ይህን ገንዘብ ከጣሪያው ውጭ ያደርገዋል። ይህንን ማን ያወራል? ሁሉም የሚያወራው ስለ ቁልፉ ነው።

እድሩን ካነሱት ደግሞ፣ የአንድ አባል ቤት ቢቃጠል ዳኛው «ይህ ለለቅሶ ብቻ ነው» ብለው ዝም ይላሉ? በ2009 እኮ ስቴቱ ጥሬ ገንዘብ አልቆበት «ወደፊት እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት ይሰጥ ነበር።

ሹፌሩ

በከባድ መኪናው ክፍያ አልከራከርሽም፤ ልክ ነሽ። ግን የሚከፈለው ዕዳ የመንገድና የትራንስፖርት ቦንድ ዕዳ ነው፤ ለፓርላማ ሰዎች ድግስ አልዋለም። ደግሞ መስኮት ክፍት ነው ተብሎ በር ተከፍቶ ይታደራል እንዴ? መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ መስኮቱን።

አውቶቡሱንም ተይው፤ አውቶቡስ የተሳፈረ ሁሉ ከፊቴ አንድ መኪና ቀነሰልኝ። አራት መቶ አምስት የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ቆመሽ ብታይው ይገባሽ ነበር።

2009ን ስታነሺ ግን ሳቄ መጣ። እኔ የምፈራው እሱኑ አይደል? ሲቸግራቸው መጀመሪያ እጃቸው የሚሄደው ወደ መንገዱ ገንዘብ ነው። ድልድይ አይጮኽም፤ ሠልፍ አይወጣም። ዝም ብሎ ይሰነጠቃል።

የሒሳብ ባለሙያዋ

ድልድዩ ያሏት ጥሩ ናት፤ እሰጥዎታለሁ። ዕዳውን ግን አይደለም። ያ ዕዳ ድሮ የሚከፈለው ከስቴቱ ጠቅላላ በጀት ነበር። ወደ ከባድ መኪናው ክፍያ ያዞሩት በጀቱን ለማቃለል ነው። እንግዲህ እርስዎ የፈሩት ዝውውር በሕጋዊ መንገድ ተደርጎ አልቋል ማለት ነው።

ደግሞ ታክሱን ጭራሽ ለማስነሳት ለኖቬምበር ድምፅ ፊርማ ተሰብስቧል። ለታክሱ ድምፅ የሰጡት የስቴቱ ሴናተር ጆሽ ኒውማንም በዚያው ጁን 5 ይውረዱ አይውረዱ ተብሎ ድምፅ ይሰጥባቸዋል። ታክሱ ከተነሳ ባዶ ሣጥን ነው የቆለፍነው።

እኔ የድምፅ መስጫ ፖስታዬን ልኬያለሁ፤ «ኖ» ነው ያልኩት። የከባድ መኪናው ቢሊዮን አብሮ ቢታሰር «የስ» እል ነበር። እና ጋሼ፣ የቸርኬውን ደረሰኝ እንዳይጥሉት። የመኪና ወጪዎን በተነዳው ማይል የማያስቆጥሩ ከሆነ ኤፕሪል ላይ ታክስ ሲያሠሩ ይጠቅምዎታል።