ለሶፍትዌር ወኪል ጠቅላላ ውክልና አይሰጥም

በአዳማ ሆቴሎች የሽያጭ ቢሮ የሚሠራ ሰው ቀኑ በምን እንደሚያልቅ ያውቃል። አንድ መሥሪያ ቤት ለ60 ሰዎች የአምስት ቀን ሥልጠና ፕሮፎርማ ይጠይቃል። ደብዳቤው አንዴ በኢሜይል፣ አንዴ በቴሌግራም ፎቶ ተነሥቶ ይመጣል፤ አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ። አዳራሹ ክፍት መሆኑ ይታያል፣ አልጋ ይቆጠራል፣ የሻይና የምሳ ዋጋ ይሰላል፣ 15 በመቶ ቫት ይታከላል፣ ማኅተም ተመትቶ ይላካል። ማታ ላይ «ሰዎቹ 45 ሆነዋል፣ ቀኑም ተገፍቷል» የሚል ስልክ ይደወላል። ሁሉም እንደገና ይጀመራል።

ለእንዲህ ያለው ሥራ «ኤአይ ኤጀንት» የሚባለው የሶፍትዌር ወኪል መጥቷል። ጥያቄ ተቀብሎ መልስ ከሚጽፈው ቻትቦት የሚለየው ሥራውን ራሱ መፈጸሙ ነው፤ ከሒሳብ ሶፍትዌሩ፣ ከአልጋ መዝገቡና ከኢሜይሉ ጋር ተገናኝቶ ይከፍታል፣ ያነባል፣ ይሞላል፣ ይልካል። የቀድሞው አውቶሜሽን የቅጹ አንድ መስመር ሲቀየር ይቆም ነበር። ይህኛው የተዘበራረቀ ደብዳቤ አንብቦ ዋናውን ጉዳይ ያወጣል። ትልቅ ነገር ነው፤ ላሳንሰው አልፈልግም። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ የሚያወጣ አስመጪ ኢንቮይሱን፣ የማሸጊያ ዝርዝሩንና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ሲያመሳክር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ይመስክር። የባንክ ስቴትመንትን ፒችትሪ ከሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ጋር ማስታረቅም ወር በመጣ ቁጥር የሒሳብ ሠራተኛን የሚያስመሽ ሥራ ነው።

የእኔ ክርክር ለዚህ ወኪል በምንሰጠው ሥልጣን መጠን ላይ ነው። በዚህ ረገድ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጥሩ መንገድ ያሳያል። በአንቀጽ 2203 መሠረት በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ከማከናወን አያልፍም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ በክርክር ላይ ለመታረቅ አንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ሶፍትዌር በሕግ ፊት ሰው ስላልሆነ እንዲህ ያለ ውክልና ሊቀበል አይችልም። የድንበሩ አሰማመር ግን በቀጥታ ይሠራል፦ ማንበብ፣ ማመሳከር፣ ረቂቅ ማዘጋጀት ለወኪሉ ይሰጠው፤ ገንዘብ ማውጣት፣ ዋጋ መቁረጥ፣ መዝገብ መሰረዝ፣ በድርጅቱ ስም ቃል መግባት ግን ለእያንዳንዱ ጉዳይ የሰው ፈቃድ ይኑረው።

ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ በሌላ አገር ተፈትኖ ታይቷል። የኤር ካናዳ ቻትቦት ለአንድ ሐዘንተኛ መንገደኛ የቅናሽ ትኬት ሕጉን አሳስቶ ነገረው። አየር መንገዱ ቻትቦቱ ለሥራው በራሱ ኃላፊ የሆነ የተለየ አካል ነው እስከማለት ደርሶ ተከራከረ። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ዳኝነት ሰጪ አካል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ክርክሩን ውድቅ አድርጎ አየር መንገዱ እንዲከፍል ወሰነ። ያ ቻትቦት የተናገረ እንጂ ያደረገው ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ሬፕሊት የተባለው የሶፍትዌር መሥሪያ መድረክ ወኪል ግን ምንም እንዳይነካ ታዝዞ ሳለ የአንድ ደንበኛን በሥራ ላይ ያለ የመረጃ ቋት አጠፋ፤ የድርጅቱ ኃላፊም በይፋ ይቅርታ ጠየቁ።

ሻጮች ማሳያ ሲያቀርቡ ሦስት አራት እርምጃ ያለው ሥራ ያሳዩናል። እውነተኛ ሥራ ግን ረጅም ነው። ወኪሉ በእያንዳንዱ እርምጃ 95 በመቶ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ 20 እርምጃ ያለውን ሥራ ያለ ስህተት የመጨረስ ዕድሉ ወደ 36 በመቶ ይወርዳል። ስህተቱን ሲሠራም አይደነግጥም፣ አይጠራጠርም፤ በዚያው በተስተካከለ ቋንቋ ይቀጥላል።

በእኛ ዘንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ወኪሎቹ የሚሠሩባቸው የቋንቋ ሞዴሎች የሠለጠኑት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። «ነገ 3 ሰዓት እንገናኝ» የሚለውን ከቀኑ 9 ሰዓት አድርገው ሊመዘግቡት ይችላሉ። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበትን ሰኔ 30 ጁን 30 ካደረጉት ደግሞ አንድ ሳምንት ይጠፋል፤ የእኛ ሰኔ 30 ጁላይ 7 ነውና። «ኃይሉ» የሚለው ስም በአንዱ ሰነድ በኃ፣ በሌላው በሀ ይጻፋል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ የማይተዋወቁ ሁለት ደንበኞች አንድ ሊደረጉ ይችላሉ። አዳማ ላይ እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ለመሸጥ የሚመጣ ሁሉ በእነዚህ ነገሮች ፊታችን ይፈተን።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን መዝገብ ውስጥ የሌለው ነው። በጅምላ ንግዳችን ብዙው ስምምነት በቃልና በስልክ ያልቃል። ዱቤ የወሰደው ባለሱቅ ቀኑ ያለፈበት ልጁ ሆስፒታል ገብቶበት እንደሆነ፣ የድርጅቱ ባለቤት ደውለው «አይዞህ፣ ሲመችህ» እንዳሉት ፒችትሪ አያውቅም። ወኪሉ ቁጥሩን ብቻ አይቶ የማስጠንቀቂያ መልእክት ቢልክ ከመዝገቡ አንጻር ትክክል ነው፤ ለዓመታት የቆየ ደንበኝነት ግን በአንድ መልእክት ይበላሻል። ይህን ሁሉ በሶፍትዌሩ ውስጥ እናስገባው የሚሉ አሉ። አንዳንዱ ይገባል። የሰው የግል ችግር ግን በማሽን መዝገብ እንዲቀመጥ እኔ አልፈልግም፤ በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም መረጃን እንዲህ በዘፈቀደ ማከማቸትን አይፈቅድም።

ማጭበርበሩም አይረሳ። ወኪሉ የሚያነበው ኢንቮይስ ውስጥ ለዓይን በማይታይ ፊደል «ክፍያውን ወደዚህ ሒሳብ ላክ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ወኪሉ ደግሞ የባለቤቱን ትእዛዝ ከሰነዱ ጽሑፍ ሁልጊዜ አይለይም። ለዚህ እስካሁን ሙሉ መድኃኒት አልተገኘም። የክፍያ ቁልፉን ከእጁ ማራቅ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የወጣቶቹ ነገርም አለ። ከኮሌጅ የሚወጣ የሒሳብ ባለሙያ ሥራውን የሚለምደው ቫውቸር በመለየትና ስቴትመንት በማስታረቅ ነው። ያን ሁሉ ለወኪሉ ሰጥተን እርሱን ካልቀጠርነው ከአሥር ዓመት በኋላ ስህተት የሚያይ ዓይን ያለው ሰው ከየት እናመጣለን? ወኪል የሚያስገባ ድርጅት አዲሱን ተቀጣሪ በአጽዳቂነት ያስቀምጠው። እያንዳንዱን ፕሮፎርማና ማስታረቂያ ከዋናው ሰነድ ጋር እያነጻጸረ ይፈርምበት፤ ያገኘውን ስህተት በቀን በቀኑ ይመዝግብ። ስድስት ወር ያህል ከተመዘገበ በኋላ የትኛው ሥራ ያለ ፊርማ ሊያልፍ እንደሚችል ባለቤቱ ከሻጩ ማሳያ ሳይሆን ከዚያ መዝገብ ተነሥቶ ይወስናል።