መስኮቴ አልተከፈተም

ከአሜሪካ የመጣችው ታላቅ እህቴ ትናንት ቤቴ መጣች። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ሽሮዬን ሠርቼ አቀረብኩ።

«ቆይ፣ መስኮቴ ገና አልተከፈተም» አለችኝ።

ሞቋት መስሎኝ ተነሥቼ የሳሎኑን መስኮት ከፈትኩት።

ለካ መስኮት ማለት የመብያ ሰዓት ኖሯል። 16 ሰዓት ሙሉ ባዶ ሆድ፣ በቀሪው 8 ሰዓት ውስጥ መብላት። ቆጣሪው ስልኳ ላይ ነው። «ያው ጾም በለው። ደግሞ ጾም ለጤና ጥሩ እንደሆነ ፈረንጆቹም አረጋገጡ» አለች።

እግዜር ይስጣቸው። ፈረንጅ የራሱን የ40 ቀን ጾም ቸኮሌት ወደ መተው ካወረደው ቆይቷል። አሁን የእኛን 55 ቀን ሁዳዴ ሊያረጋግጥልን መጣ። አያቴ ዕድሜ ልኳን ስትጾም ኪሎዋ ስንት እንደሆነ አታውቅም ነበር። ሚዛን የምታውቀው በርበሬ ስትገዛ ነው።

እርግጥ እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ሰፈሬ ያለው ካፌ የጾም ኬክ አለው፣ የጾም በርገር አለው፣ የጾም ማኪያቶ አለው። ማኪያቶው ከፍስኩ ይወደዳል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የምትለዋን ተረት እንዴት እንደምወዳት! ዘንድሮ ግን ተገለበጠች። ወተቱማ ይታያል፤ የጠፋችው ላሚቱ ናት።

እኔን የሚያበግነኝ ግን ወተቱ አይደለም። ጾም ሲባል የቀረው ምሳ ለተራበ ይደርስ ነበር። ኢሳይያስ 58ን አንብቡት፤ እንጀራህን ለተራበ ቁረስ ነው የሚለው፣ ስለ ወገብ ቅጥነት አንዲት ቃል የለውም። የእህቴ ምሳ የት ደረሰ? ለስልኩ ቆጣሪ ወርሃዊ ክፍያ ሆነ። ስትበላም ለራስህ፣ ስትራብም ለራስህ! ስግደቱም መስታወት ፊት ሆኗል።

ስግደት ካልኩ አይቀር፣ ከእህቴ ጋር የቆየ ቂም አለን። ልጆች ሆነን፣ በፍልሰታ፣ ከቅቤው ቅል ጣቴን ነክሬ ላስኩ። አንዴ ብቻ። ይቺው እህቴ ሮጣ ለአያቴ አሳበቀች። አያቴ ለነፍስ አባታችን ነገረች። 40 ስግደት ተፈረደብኝ። እህቴ አጠገቤ ቆማ ትቆጥር ነበር። አንዷን ስግደት «አልሞላችም» ብላ አስደግማኛለች። ቆጣሪ መውደድ ያኔ ነው የጀመራት።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ መስኮቱ። ስልኳ ጢን አለ፣ ተከፈተ። የቀዘቀዘውን ሽሮ አሙቄ መለስኩላት። አንድ ጉርሻ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች።

«ቅቤ የለህም? ጤናማ ስብ እኮ ነው።»

«እትዬ፣ ረቡዕ ነው!»

«ጾሜንማ ጨረስኩ» አለች፣ ስልኳን እያሳየችኝ።

አያቴ የለችም። አሁን ለማን ላሳብቅ?