የመጨረሻዎቹን ዓመታት ባንጥላቸው

አንድ ጸሐፊ የአሜሪካው የሮክ ባንድ ግሬትፉል ዴድ የ1990ዎቹ የመድረክ ቅጂዎች ጊዜ ማባከን ናቸው ብሏል። ግማሹን እቀበላለሁ። የባንዱ ጊታሪስትና ዘፋኝ ጄሪ ጋርሲያ እ.ኤ.አ. በ1995 ከመሞቱ በፊት ግጥም የጠፋበት ምሽት ብዙ ነው። ግን ጸሐፊው አድናቂዎች ከነዚህ ቅጂዎች ለቅመው ያዘጋጇቸውን ስብስቦች ሰምቷል?

ባንዱ ራሱ መቅዳት ፈቅዷል። ከ1984 ጀምሮ ማይክሮፎን ይዘው ለሚመጡ የተለየ ቦታ ሰጥቷል። መለዋወጥ ይቻላል፣ መሸጥ ግን ክልክል ነበር። ስለዚህ የሚመረጥበት ክምችት ጉድ ነው! የጃዝ ሙዚቀኛው ብራንፎርድ ማርሳሊስ በማርች 1990 ሳክስፎኑን ይዞ ኒው ዮርክ ናሳው ኮሊሲየም አዳራሽ መድረክ ላይ የወጣበት ምሽት አለ። ብሩስ ሆርንስቢ ፒያኖ የተጫወተባቸውም አሉ። እነዚህን ሰምቶ "ባንዱ አልቆለታል" የሚል ካለ፣ በቃ ጣዕማችን ለየቅል ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አንዳንዱ የስብስብ አዘጋጅ ዘፈን ከዘፈን የሚያገናኘውን ረጅም የመሣሪያ ጨዋታ ቆርጦ ይጥላል። እንዴ፣ የዚህ ባንድ ዋናው ነገር እሱ አይደል እንዴ? ቀኑንና ከተማውን የማይጽፍም አለ። ከተመልካች መሃል ይቀዳ ከድምፅ ማደባለቂያው እንኳ አታውቁም።

የ1993 እና የ1994ን ዝግ ያሉ ዘፈኖች ብቻ የሰበሰበ ካለ፣ እባካችሁ ሊንኩን ጣል አድርጉልኝ።