የባሕር አረም እንክብል የስኳር መድኃኒትን አይተካም

ሰሞኑን ባሕር ዳር ላይ «ነርቭ አለብኝ» ላለ ሰው ሁሉ የሚመከረው ሲ ሞስ የሚባል እንክብል ሆኗል። በቴሌግራም ታዝዞ በባጃጅ ቤት ድረስ ይመጣል። የባሕር አረም ነው፣ ነርቭ ይጠግናል፣ ሕመም ያስታግሳል ይባልለታል። የማውቃቸው ገዢዎች አብዛኞቹ ስኳር ያለባቸው እናቶችና አባቶች ናቸው። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ስኳር የእግራቸውን ነርቭ የጎዳባቸው አንዲት ጎረቤቴ ሌሊት ውስጥ እግራቸው ሲነድባቸው ሲሚንቶው ላይ ያሳርፉታል። ጣታቸውን ጫማ ፍቆት ቆስሏል፤ እሳቸው ግን አልተሰማቸውም። እንክብሉን ከጀመሩ ወዲህ የስኳር ኪኒናቸውን ቀን እየዘለሉ ነው የሚውጡት። ሁለቱንም ለመግዛት አቅም የላቸውማ!

ሳይንሱ ባዶ ነው አልልም። ከቡናማ የባሕር አረም የሚወጣው ፉኮይዳን አይጦች ላይ ተሞክሮ እብጠትና ሕመም ቀንሷል። ግን አይጥ አይጥ ነው። ለስኳር ሕመምተኛ ነርቭ በመድኃኒትነት የጸደቀ የባሕር አረም ጭማቂ የለም።

ደግሞ አረም ሁሉ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ጃፓን ውስጥ ከአንድ ቀይ አረም ካይኒክ አሲድ የሚባል ነገር ተለየ። አረሙ ለወስፋት ማስወጫ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ተመራማሪዎች ካይኒክ አሲዱን ለአይጥ የሚሰጡት የሚጥል በሽታ እንዲነሳባት ፈልገው ነው። የነርቭ ሴልን ከልክ በላይ ቀስቅሶ ይገድላል። እንግዲህ «ከባሕር አረም የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምን ዋስትና ይሰጣል? የትኛው አረም? በምን መጠን? ሻጩ መመለስ አለበት።

«የባሕር አረም ጣናችን ላይም አለኮ» የሚሉም ሰምቻለሁ። የለም። ጣና ጨው አልባ ውሃ ነው። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ማይክሮሲስቲስ የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። እባካችሁ ማንም አድርቆ እንዳይሞክረው።

የስኳር ነርቭ ሕመም መላ የሌለው አይደለም። ዋናው ስኳሩን መቆጣጠር ነው። ለማቃጠሉና ለመውጋቱ ሐኪም የሚያዛቸው እንደ አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን ያሉ መድኃኒቶች አሉ። እግርም በየቀኑ መታየት አለበት፣ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር።

እንክብሉን የጀመረ ሰው ብልቃጡን ይዞ ሄዶ ለሐኪሙ ያሳይ። የእንቅርት ችግር ያለበት አረሙ ውስጥ ያለው አዮዲን ሊያባብስበት ይችላል። እንክብሉ ፉኮይዳን ካለበት ደግሞ ደም የማቅጠን ባሕርይ ስላለው፣ ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ። ልጆችም ለእናታችሁ እንክብል ልትልኩ ያሰባችሁትን ብር የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ግዙበት።