«አስተሳሰብህን ቀይር» ማለት ብቻውን ድባቴን አያድንም

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሰው ከሰው ርቆ ቤት መዋል ሲጀምር ወዳጅ ዘመድ ቶሎ የሚለግሰው ምክር «አታስብ፣ አስተሳሰብህን ቀይር» የሚል ነው። ከፍቅር ቢመጣም ጎዶሎ ምክር ነው። አስተሳሰብን መቀየር ለድባቴም ለጭንቀትም በእርግጥ ይረዳል፤ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረው የንግግር ሕክምና የቆመው በዚሁ ላይ ነው። በሕክምናው ግን ሐሳብ የሚቀየረው በማስረጃ እየተፈተነ እንጂ በትእዛዝ አይደለም።

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ላይ ጓደኛዋ ሰላም ሳትላት ያለፈቻት ሴት እንውሰድ። ወዲያው «ንቃኝ ነው» ትላለች፤ ሆዷ ይባባል፤ የማታውን የቡና ጥሪም ትቀራለች። ደብተር ላይ መጀመሪያ የሆነውን ብቻ ትጻፍ፤ ቀጥሎ ሐሳቧን ቃል በቃል፣ ከ100 ምን ያህል እንደምታምነውም ጭምር። 80 ብላለች እንበል። ከዚያ የሚደግፈውንና የሚቃወመውን ትዘርዝር፦ ጓደኛዋ ስልክ እያወራች ነበር፤ ትናንትም ደውላላታለች። «ላታየኝ ትችላለች፤ ነገ እጠይቃታለሁ» ብላ ስትጽፍ 80ው ወደ 50 ከወረደ በቂ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ «ሁሉም ሰው ይወደኛል» ብለው ሲጽፉ ነው፤ ልብ ያላመነው ቃል መልሶ ያስከፋል። ደብተሩ ላይ ማቆምም አይበቃም፤ ሄዳ መጠየቅ አለባት። ከቡናው መቅረት ለዚያች ማታ እፎይ ያሰኛል፣ የሚቀጥለውን ጥሪ ግን ይበልጥ ያስፈራል። ጭንቀት የሚፋፋው በዚህ መንገድ ነው።

ድባቴው ለከበደበት ሰው ከሐሳብ ይልቅ ከሥራ መጀመር ይቀላል፦ ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የ10 ደቂቃ እርምጃ። ደስ እስኪለው አይጠብቅ፤ ስሜቱ ከሥራው በኋላ ነው የሚመጣው።

የጫትን ነገር ሸፋፍኖ ማለፍ ደግሞ ለድሬና ለሐረር ሰው አይበጅም። የከሰዓት በርጫ እንቅልፍ ይነሳል፤ ምርቃናው ሲወርድ ድብርት ይከተላል። በዚያ ሰዓት ስለ ሕይወት መወሰንም፣ ደብተሩን መክፈትም ጥሩ አይደለም። የቃሙበትንና የተኙበትን ሰዓት ከስሜት ጋር ለሁለት ሳምንት ጎን ለጎን ቢጽፉት ግንኙነቱ ራሱ ይታያል።

ሐዘኑ ወይም የፍላጎት ማጣቱ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ አብዛኛውን የቀኑን ክፍል ይዞ 2 ሳምንት ከሞላው፣ እንቅልፍና ሥራም ከተበላሸ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን ማነስና የደም ማነስም ድባቴ ይመስላሉና ምርመራ ያስፈልጋል። መድኃኒት ከታዘዘ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ጸበል የሚጠመቅም፣ ዱዓ የሚያስደርግም ሐኪሙን ሳያማክር አያቁመው። «መሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ግን ምክር ሳይሆን አጃቢ ይፈልጋል፦ ብቻውን ሳይተዉት፣ በዚያው ቀን ድሬ ላይ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ያድርሱት።