እርማት፦ ኦድሪ ሎርድ የጉልበት ሥራ ታውቅ ነበር

ስለ ጥቁር አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኦድሪ ሎርድ «የጉልበት ሥራ የማታውቅ ምሁር ነበረች፤ ግጥሟም የትርፍ ጊዜ ነው» የሚል አስተያየት ደጋግሜ እያየሁ ነው። ይቅርታ፣ ትክክል አይደለም።

ከካሪቢያን የመጡት ወላጆቿ ኒውዮርክ ሲገቡ ሆቴል ውስጥ ነው የሠሩት። አባቷ ጉልበት ሠራተኛ፣ እናቷ ክፍል አጽጂ። እሷም በወጣትነቷ አሜሪካ ውስጥ በስታምፎርድ ከተማ ፋብሪካ ተቀጥራ ኳርትዝ የተባለ የማዕድን ድንጋይ በኤክስሬይ ስትለይ ትውል ነበር። ለየች የሚባልላት የድንጋይ ቁጥር ከፍ እንዲል ድንጋዮቹን ካልሲዋ ውስጥ ትደብቅና ሽንት ቤት ገብታ በጥርሷ ትፈጫቸዋለች። (ጥርስ ነው የምላችሁ!)

ማጣራት የፈለገ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣውን ስለ ሕይወቷ የጻፈችውን «ዛሚ» የተባለ መጽሐፍ ያንብብ። ርዕሱ ራሱ የእናቷ ደሴት የካሪያኩ ቃል ነው፤ እንደ ጓደኛም እንደ ፍቅረኛም አብረው የሚሠሩ ሴቶች ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980 ባደረገችው ንግግር ግጥም በሥራ ፈረቃ መካከል፣ ባቡር ውስጥ፣ በቁራጭ ወረቀት ይጻፋል ብላለች። ፋብሪካውን ከታሪኳ ካወጣን ይህ ንግግሯ ባዶ ወሬ ይመስላል።