ስደቱ ከቦሌ አይጀምርም

ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ስለሚሄዱ እህቶቻችንና ስለሚደርስባቸው በደል የተጻፈ ጽሑፍ አነበብኩ፤ የሚለውን ሁሉ እቀበላለሁ። ስደቱ ግን ከቦሌ አይጀምርም። ባሕር ዳር መናኸሪያ ጠዋት ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል፦ 14 ወይም 15 ዓመት የሚሆናት የገጠር ልጅ፣ ልብሷን በፌስታል ይዛ፣ ሰው ቤት ሊያስቀጥራት ደላላ ከፊት ከፊቷ እየሄደ።

ተከራይቼ በኖርኩበት ግቢ እንዲህ ያለች የቤት ሠራተኛ ነበረች። መረጃ ሰብሳቢዎች መጠይቅ ይዘው ሲመጡ ያነጋገሯት አሠሪዋ በተቀመጡበት ሳሎን ነው። «ደህና ነኝ፣ ምንም የለም» አለች። ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ አውቀው ነበር። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

በ2008 ዓ.ም. አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠይቅ፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶዎቹ እርዳታ አልፈለጉም፣ ለማንም አልተናገሩም። በገዛ ቤቷ ያለችው ካልተናገረች፣ በሰው ቤት የምታድረው እንዴት ትናገር? ሕጉም አልደረሰላትም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም።

አጥኚዎች ሆይ፣ እባካችሁ አሠሪዋ ፊት አትጠይቋት። በማታ ትምህርት ቤት፣ ወይ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ የአገሯን አነጋገር የምታውቅ ሴት ለብቻዋ ታነጋግራት። ደላላውንም ጠይቁት፤ ስንት ልጅ ከየት እንዳመጣ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።